ከላስቲኩ ሥር የቀረ ነጭ ክር

ወሎ ሰፈር ካለው የአጎቴ ሱቅ የገባሁት ሥራ ፈልጌ አይደለም፤ ከሥራ ሸሽቼ ነው። ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲቃረቡ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምሬ ወጥቼ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ከቆየሁ በኋላ፣ ይመልስልኛል ብዬ ያላሰብኩት መሥሪያ ቤት መለሰልኝ። ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ በሚርቅ ከተማ፣ ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኬሚስትሪ እንዳስተምር ተመድቤአለሁ። አባቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሻንጣ ሊገዛ ወጣ።

አባቴ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ከመመረቄ በፊት ለማስተማር ልምምድ አንድ ትምህርት ቤት ተልኬ፣ ሰባ ተማሪ ፊት ቆሜ ነበር። «ዛሬ የምንማረው» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን እኔም አልሰማሁትም። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ድምፅ ጨምሪ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ስጽፍ ጨረስኩት። ከኋላ ተቀምጦ የገመገመኝ መምህር ደግ ሰው ስለነበር ሪፖርቱ ላይ «የሰሌዳ አጠቃቀሟ ጥሩ ነው» ብሎ አለፈኝ።

እንግዲህ ሻንጣው ከተገዛ ማግስት ጀምሮ አጎቴ ሱቅ መዋል ጀመርኩ። አጎቴ የእናቴ የመጨረሻ ታናሽ ወንድም ነው፤ የመኪና መስታወት በጥቁር ላስቲክ ያለብሳል። የሚመጣበት ጥቅል ላይ ሌላ ስም ተጽፎበታል፤ በሱቁ ግን ሁሉም ላስቲክ ነው የሚለው። የፈለገኝም ከዱባይ ከጥቅሉ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ እንድተረጉምለት ነበር። ተረጎምኩለት፤ በሁለት ቅጂ፣ ርዕሱን በማስመሪያ አስምሬ። የመመሪያው ግማሽ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመስታወቱና በላስቲኩ መካከል ጉድፍ እንዳይገባ። ሳነበው ለእኔ የተጻፈ ደብዳቤ መሰለኝ። እኔ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ ሳላጥብ ውሃ የማልጠጣ ሰው ነኝ። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እሷ ከኛ ጋር ስትበላ እንኳ በምሕረት ነው» ትላለች።

ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ከመኪና ወጥቶ የመጀመሪያውን የሕንፃ ሥራ ተቀበለ። ቦሌ መንገድ ላይ፣ ላይኛው ፎቅ ገና ተለስኖ ባላለቀ ሕንፃ ሥር አንድ ፎቶ ቤት ተከፍቶ ነበር። ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ለማሳያ የተሰቀሉትን ሙሽሮች በሦስት ወር ውስጥ ሰማያዊ አድርጓቸዋል። ፎቶ አንሺው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ቀልደኛ ሰው፣ ችግሩን ሲያስረዳን «ቀይ ቀለም ነው ቀድሞ የሚሞተው» አለ። «ባለፈው የአንዷ ሙሽራ እናት መጥተው፣ ‹ልጄ የዚያን ቀን አሟት ነበር እንዴ?› ብለው ጠየቁኝ።»

በሩ አጠገብ ሦስት ጠባብ መስታወቶች አሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ አንድ ትልቅ መስታወት። ለትልቁ የሚበቃ ስፋት ያለው ላስቲክ በሱቁ የቀረው አንድ ቁራጭ ነው። ሌላ ጥቅል የሚመጣው ከዱባይ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ነው፤ ሰው መቼ እንደሚገኝ ደግሞ ሰውየውም አያውቅም። አጎቴ ይህን ሁሉ ካሰላሰለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«ስሚ፣» አለኝ፣ «በወረቀቱ እንዳልሽው ሁሉንም አንቺ ተቆጣጠሪ። ትልቁ መስታወት ያለ ጉድፍ ከወጣ የቅጥር ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፤ አባትሽንም እኔ አናግረዋለሁ። ጉድፍ ከገባበት ግን ሰኞ ጠዋት ሻንጣሽን አውቶቡስ ተራ ድረስ የምሸከምልሽ እኔ ነኝ።»

ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ላስቲኩን የሚለጥፉት ባለሙያ ሃምሳውን ያለፉ፣ የወሎ ሰው፣ መኪና መስታወት ላይ ያረጁ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው እኔን ተማሪዋ ይሉኛል። ጠዋት ፎቶ ቤቱ ስንደርስ እንደ ልማዳቸው አሮጌ ጋዜጣ ጨብጠው መስታወቱን ሊወለውሉ ሲሉ አስቆምኳቸው። ወረቀት ብናኝ ይተዋል።

«ሃያ ዓመት በጋዜጣ ስወለውል ኖሬ!» አሉ።

«መኪና ላይ አይታይም ጋሼ። እዚህ ግን ሰው ቆሞ ነው የሚያየው።»

«እሺ፣ ጋዜጣውን ላንብበው እንግዲህ፤ ሌላ ምን ይሠራል» ብለው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

የዚያን ቀን ጠዋት ያደረግኩትን ጥንቃቄ ዛሬ ሳስበው የቀዶ ሕክምና ክፍል እያዘጋጀሁ ነበር ማለት ይቻላል። አቧራ እንዳይነሣ ወለሉን በውሃ አራስኩ። ቬንትሌተሩን ነቀልኩ። የመስኮቱን ጎማ ዙሪያውን በጥርስ ብሩሽ ፋቅኩ። ጋሼን የሱፍ ሹራባቸውን አስወለቅኳቸው፤ ሱፍ እንደሚረግፍ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ላይ ፎቅ ልስን የሚሠሩት ሰዎች በየጊዜው ጀሶ ያራግፉ ነበርና እንዲታገሡን መጠየቅ ነበረብኝ። ወጥቶ መናገር ስላልሆነልኝ በወረቀት ጽፌ፣ «ለክቡራን የልስን ባለሙያዎች» ብዬ ጀምሬ፣ ደረጃው ላይ በድንጋይ ጫንኩላቸው። መልሱ በዚያው ወረቀት ጀርባ መጣ፦ «እሺ። ግን ማን ነሽ?»

የቀረው ውሃ ነበር። መስታወቱም ላስቲኩም ሳሙና ባለበት ውሃ ርሶ ነው የሚገናኘው፤ ውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ መካከል ላይ ይቀራል። በዚያ ሰሞን የቧንቧ ውሃ ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ ቀይ ሆኖ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በስተመጨረሻ ውሃ መሳይ ሆኖ ነበር የሚመጣው። እኔ ግን አስቤበታለሁ። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ አዲስ ነጭ ሻሽ ገዝቼ፣ ንጽሕናው እንዳይጓደል ከነመጠቅለያው ይዤ መጥቻለሁ። እዚያው ከፍቼ አራት እጥፍ አጥፌ፣ ውሃውን በእሱ አጥልዬ ወደ መርጫው ጠርሙስ አንቆረቆርኩ። የማጣሪያ ወረቀት ባይኖርም ዘዴው ያው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሳጠልል ፎቶ አንሺው ፎቶ ከሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ጥቁሩን መጋረጃ ገልጦ አንገቱን አወጣ። «ውሃ ቸግሯችሁ እንደሆነ እኔ ጋ» ብሎ ሲጀምር፣ ሳላስጨርሰው «አለን፣ አለን፣ አይቸገሩ» አልኩት። ሰው ቤት ሲሄድ ከእግሩ ይልቅ ይሉኝታው ቀድሞ የሚገባ እንደ እኔ ያለ ሰው፣ ለሚሰጡት ነገር ሁሉ «አለኝ» ይላል። እሱም «እንግዲያው ይሁን» ብሎ ተመለሰ።

በመስኮቱ ጥግ ወንበር ላይ የፎቶ አንሺው እናት ተቀምጠዋል። ሰባውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ ሴት ናቸው። በየቀኑ ጠዋት መጥተው የልጃቸውን ሱቅ ሲያዩ ይውላሉ። ጋሼን ገና እንዳዩአቸው «አንተ ልጅ፣ ከየት ነህ?» አሏቸው። ሃምሳ ስንት ዓመት የሆናቸው «ልጅ» ከወሎ መሆናቸውን ሲናገሩ፣ «እህ፣ ይሄ ለዛ የመጣው ከዚያ ነዋ!» ብለው ሳቁና ወዳጅነቱ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ጠባብ መስታወት ተለጠፈ። ጋሼ በጎማው መጥረጊያ ከመሃል ወደ ዳር ውሃውን ገፍተው አወጡት፤ አረፋ አልቀረም። ፊቴን አስጠግቼ ተመለከትኩ። ላስቲኩ ሥር፣ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ቅንድብ ፀጉር የተቆለመመ ነጭ ክር ተጋድሟል።

«አንድ ናት፣» አሉ ጋሼ። «አንድ ምን ታደርጋለች? ብቻዋን ናት።»

«ጋሼ፣ ትልቁ ላይ እንዲህ ከሆነስ?»

ጋሼ ወደ ትልቁ መስታወት ዞረው አዩ። ትልቁ ላይ አንድ ክር ማለት ለእኔ አንድ ቀን ተኩል መንገድ ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

ዙሪያዬን ስመለከት ቤቱ ሞልቷል። ልስን የሚሠሩት ሁለት ሰዎች «ክቡራን» ብሎ የጻፈላቸውን ሰው ሊያዩ ወርደዋል። ጉርድ ፎቶ የሚነሡ ባልና ሚስት ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ደላላ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ባይታወቅም፣ በሩን ተደግፎ አስተያየት ይሰጣል፦ «ጥላ ይበዛበታል፤ እኔ ብሆን ሰማያዊውን ነበር» ይላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ከጋሼ ጋር ሁለተኛውን ቀጠልን። ሁለት ክር ገባ።

ያኔ ነው የፎቶ አንሺው እናት ነጠላቸውን አንሥተው፣ ጫፉን አራግፈው፣ መልሰው የተከናነቡት። ነጭ ነጠላ፤ ነጭ ክር። አስራ ስድስት ዓመት የተማርኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ።

«ውጡ!»

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ እኔም ዞር አልኩ።

«ሁላችሁም ውጡ! እዚህ ሥራ እየተሠራ ነው! እናንተም ወደ ፎቃችሁ! አንተም በሩን ልቀቅ! እማማ፣ እርስዎም! ነጠላዎን ይዘው ይውጡ፣ ክሩ የእርስዎ ነው!»

በጋሼ እጅ ያለው መጥረጊያ ቆመ። ደላላው ከበሩ ተላቀቀ። እማማ ግን ረጋ ብለው ነጠላቸውን ወደ ብርሃኑ ዘረጉና አዩት።

«ይቺን ነጠላ ሰባት ዓመት ለብሻታለሁ፣ ልጄ፣» አሉ። «በየሳምንቱ ትታጠባለች። የሚረግፈው ሁሉ ድሮ ረግፏል። ምን ቀረኝ ብለሽ ነው?»

ይህ ጥሩ ክርክር ነበር፤ እንዲያውም ከእኔ የተሻለ ሳይንስ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ክርክር አልሰማም። ልጃቸው ከጨለማው ክፍል ወጥቶ እኔን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ወንበራቸውን አንሥቶ እግረኛ መንገዱ ላይ አኖረላቸው። ባልና ሚስቱም ጉርድ ፎቷቸውን ሳይነሡ ወጡ። በሩን ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል ሰው የምለውን ሰማኝ፤ ያውም ወጣ።

ሦስተኛውን መስታወት በባዶ ቤት፣ በተዘጋ በር፣ በረጠበ ወለል፣ እኔና ጋሼ ብቻችንን ለጠፍነው። ትንፋሼን እንኳ ወደ ጎን ነበር የምተነፍሰው።

ሦስት ክር።

«ይገርማል፣» አሉ ጋሼ መስታወቱን እያዩ። «ሰው በቀነሰ ቁጥር ክሩ ጨመረ። ምናልባት ሲጠብቁልን የነበሩት እነሱ ይሆኑ?»

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ፀሐዩ የማዶውን ሕንፃ ተሻግሮ በትልቁ መስታወት በኩል ወለሉ ላይ ወደቀ። አጎቴ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሏል። የቀረው ትልቁ ብቻ ነው፤ ላስቲኩም ያው አንዱ ቁራጭ። ጠርሙሱን ለመጨረሻ ጊዜ ልሞላ አነሣሁት፤ ምን ያህል እንደቀረው ለማየት ወደ ፀሐዩ ከፍ አደረግኩት።

ውሃው ውስጥ ቀጫጭን ነጭ ክሮች ቀስ ብለው ይዋኛሉ። አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይታጠፋል፣ ሌሎቹ ሥሩ ላይ ተሰብስበው ያርፋሉ። ከዚያ ሻሹን አየሁት፤ ባልዲው አፍ ላይ አራት እጥፍ እንደሆነ ተቀምጧል። አዲስ። ከመጠቅለያው የወጣ። አንድ ቀን ታጥቦ የማያውቅ። ውሃውን ከደለል አጥርቼ ጥጥ ስሞላው ነው የዋልኩት።

ከመስታወቱ ማዶ እማማ ጀርባቸውን ሰጥተውን ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የከሰስኩትን ነጠላ እስከ ግንባራቸው አውርደው።

መጀመሪያ ያሰብኩትን ልናገር። ውሃውን ወለሉ ላይ ላፈሰው አሰብኩ። ወለሉ በእኔው ትእዛዝ እርጥብ ነው፤ ማንም አያውቅም። ክሩ የነጠላው እንደሆነ ይቀራል፤ አሮጊት ሴት ደግሞ አንድ ነጠላ ምን ያጠፋል ብላ ትረሳለች። ጠርሙሱን ከፍቼ ማፍሰስ ጀምሬም ነበር።

«ምነው፣ ተማሪዋ?» አሉ ጋሼ። «ትልቁን ሳንጀምር?»

ጠርሙሱን ሰጠኋቸው። ወደ ፀሐዩ አንሥተው ተመለከቱ፣ ሻሹን ተመለከቱ፣ እኔን ተመለከቱ። ከዚያ ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡበትና ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ።

«ወላሂ፣ ጠላታችንን በጠርሙስ ይዘን ስንረጨው ዋልን! እኒያን ሴትዮ ደግሞ አስወጣናቸው!»

«እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው።»

«እሱንስ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ሌላ ውሃ መፈለግ ነበረብን። ጓሮ ወጥቼ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ አየር ብቻ ፉት ፉት አለ። ውሃው ሄዷል። ስመለስ ፎቶ አንሺው መጋረጃውን ገልጦ ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል።

«ጠዋት ልሰጥሽ ነበር እኮ፣» አለኝ። «አለን አልሽኝ።»

«የእርስዎ ውሃ ንጹሕ ነው?»

«ፎቶ የማጥብበት ነው! አንድ ጉድፍ ከገባበት ሙሽራዋ ጉንጯ ላይ ነጭ ነጥብ ይዛ ነው የምትወጣው። ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተከድኖ የሚያድር ውሃ ነው።»

«እባክዎን ትንሽ ይስጡኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ? የእናቴ ነው። የምታፈላውም የምታስቀምጠውም እሷ ናት፤ እሷ ካልቀዳች እኔም አልነካውም። ሂጂና ጠይቂያት።» ፈገግ ብሎ መጋረጃውን ለቀቀው።

ከበሩ እስከ ወንበራቸው ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው። ያስወጣኋቸው ሰዎች አንዳቸውም አልሄዱም፤ ከውስጥ የተባረረ ሰው ከውጭ ማየት የበለጠ ያምረዋል። ልስን ሠሪዎቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፣ ባልና ሚስቱ ጥላ ይዘዋል፣ ደላላው ለታክሲ ጠባቂዎች ታሪኩን እየተረከ ነው። እማማ ፊት ቆምኩና ተናገርኩ። ከንፈሬ መንቀሳቀሱን አውቃለሁ።

«ጨምሪ፣ ልጄ፣» አሉኝ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው። «ጠዋት ደህና ይወጣልሽ ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። ወዴት ዞሬ እንደምጽፍ ፈለግኩ፤ ሰሌዳ የለም።

«ክሩ የእርስዎ አይደለም!» አልኩ። የሚኒባሱ ወያላ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። «የኔ ነው። ውሃውን ያጠለልኩበት ሻሽ ነው። ነጠላዎ ምንም አላደረገም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ጉድ በል!» አለ ደላላው። «ከሳሿ ራሷ ተገኘች!»

እማማ እሱን በእጃቸው ዝም አሰኝተው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«አዲስ ሻሽ ነው?»

«አዎ።»

«ሳይታጠብ?»

«ሳይታጠብ።»

«ስንት ዓመት ተማርሽ?»

«አስራ ስድስት።»

«አስራ ስድስት ዓመት!» አሉ ለተሰበሰበው ሁሉ። «ወይ ልፋት! አዲስ ጨርቅ እንደሚረግፍ የሚነግራት ጠፍቶ!» ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ተደግፈው ተነሡ። «በይ ነይ፣ ውሃ ልስጥሽ። ይቺን ነጠላ ይዤ ልግባ ወይስ በር ላይ ላስቀምጣት?»

«ይዘው ይግቡ» አልኩ፤ ይህን ደግሞ በቀስታ።

ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ መጋረጃው ሲገለጥ ከሚገባው ብርሃን በስተቀር፣ የሚታይ ነገር አልነበረም። ውሃው በትልቅ ነጭ ጀሪካን፣ ክዳኑ ላይ ሌላ ላስቲክ ታስሮበት፣ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ላንሣው ስል እጄን መቱኝ።

«ተይ! ከሥሩ አትቀስቅሺው። ደለሉ እዚያ ነው የተኛው።»

ጀሪካኑን ሳያነሡ በጣም ቀስ ብለው ወደ ጎን አዘነበሉት፤ ከላይ ያለው ጥሩ ውሃ ብቻ እንደ ዘይት ፀጥ ብሎ ወደ ጠርሙሴ ፈሰሰ። የታችኛው ሊነቃነቅ ሲል ቀጥ አደረጉት። ይህ ዘዴ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው፤ የመጀመሪያው ዓመት መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነው። ፍቺውን ጠይቀውኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ በዚያው ውሃ አለቅልቄ፣ ጥቂት የሕፃን ሻምፑ ጠብ አድርጌ ወደ ፀሐዩ አነሣሁት። ምንም አልዋኘም።

ትልቁን መስታወት ጋሼ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ፋቁት፣ አጠቡት፣ ውሃውን ገፍተው አወረዱት፣ እንደገና ረጨነው። ከዚያ ላስቲኩን ዘረጋን። ሙጫውን የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲላቀቅ ላስቲኩ አየር ላይ ያለውን ብናኝ ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሲገልጥ ሌላው እግር በእግር እየተከተለ ማርጠብ አለበት። ጋሼ ወንበር ላይ ቆመው ይገልጣሉ፤ እኔ ሥር ሥራቸው እረጫለሁ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከኋላዬ የነጠላ ኮሽታ ሰማሁ።

እማማ ተጠግተዋል። እጃቸውን ወደ መስታወቱ ዘርግተዋል። የልጃቸው ሱቅ እንዲቀናው፣ ገበያ እንዳይጠፋበት፣ ክፉ ዓይን እንዳያየው ይመርቃሉ፤ ምርቃቱም እንደ ወጉ በምራቅ ነው የሚታሸገው። ከንፈራቸው ሲሰበሰብ አየሁ። ከእሳቸው ፊት፣ የክንድ ያህል ርቆ፣ ሙጫው የተገለጠ ብቸኛው ላስቲክ ተሰቅሏል። ሁለቱም እጄ ተይዟል። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እኒህን ሴት ማስወጣት ደግሞ ከእኔ አቅም በላይ ነው።

«እማማ!» አሉ ጋሼ ከወንበሩ ላይ፣ ዓይናቸውን ከላስቲኩ ሳያነሡ። «ምርቃቱ ከውጭ በኩል ይሁን! ክፉ ዓይን የሚመጣው ከመንገድ አይደል?»

እማማ አሰቡበት። «ልክ ነህ፣ አንተ ልጅ» አሉና ወጡ።

ስለዚህ ትልቁ መስታወት የተለጠፈው እንዲህ ነው። ከውስጥ ጋሼ በጎማው ይገፋሉ፣ እኔ እረጫለሁ። ከውጭ፣ በመስታወቱ ማዶ፣ አፍንጫቸው አፍንጫችን ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እማማ ይመርቃሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም፤ «እንትፍ፣ እንትፍ» ሲሉ ግን በዓይን ይታያል። ጋሼ እያንዳንዱ ላይ «አሜን» እያሉ መጥረጊያውን ወደ ታች ይስቡታል። የታክሲ ጠባቂዎቹ ሁለት ሚኒባስ አሳለፉ።

አጎቴ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰ። ለእኔ የከፋው ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ዝቅ ብሎ ፊት ለፊት ሲመታ የፀጉር ጥላ እንኳ አይደበቅም። ሦስቱን ጠባብ መስታወቶች አየና ጥርሱን ነከሰ። ወደ ትልቁ ሄደ። ከግራ ጥግ ጀምሮ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ፣ እንደሚያነብ ሰው መስመር በመስመር ወደ ቀኝ ሄደ፤ ዝቅ አለ፤ ተመልሶ ወደ ግራ መጣ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እኔም ጎንበስ አልኩ። ከመስታወቱ ታች በኩል አንዲት ክብ ነጥብ ትታያለች። በጥፍሩ ፋቃት። አልለቀቀችም። ሻንጣው አልጋዬ ላይ ክዳኑን ከፍቶ ታየኝ።

«እሱ ምርቃት ነው» አሉ ጋሼ።

«ምን?»

«ምርቃት። ከውጭ ነው ያለው። ውጣና ጥረገው፤ ግን እማማን አስፈቅድ።»

አጎቴ ወጣ። እማማን እጅ ነሥቶ አነጋገራቸው። እሳቸውም ነጥቧን አይተው፣ «ደርቃለች፣ ሠርታለች፣ አሁን ይቻላል» አሉና በዚያችው በሰባት ዓመቷ ነጠላ ጫፍ ራሳቸው ጠረጓት። ክር አልተወችም። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ምንም የለበትም፤ የማዶው ሕንፃና መንገዱ ብቻ ጠቆር ብለው ይታዩበታል።

በማግስቱ የሁለቱን ጠባብ መስታወቶች ላስቲክ ልጠን፣ በቀሩት ቁርጥራጮችና በእማማ ውሃ እንደገና ለጠፍናቸው። ለሦስተኛው የሚበቃ ላስቲክ አልተገኘም። ፎቶ አንሺው አዲስ ጥቅል ሲመጣ ይስተካከላል አለ፤ ሲመጣ ደግሞ እማማ አይነካም አሉ። ሦስቱ ክሮች እዚያው ቀሩ። በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር እፈልጋቸዋለሁ፤ ከመንገድ አይታዩም።

አጎቴ ቃሉን ጠበቀ። ቅዳሜ ቤታችን መጥቶ አባቴን ለብቻው አነጋገረው፤ ሰኞ ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ። የቅጥር ደብዳቤዬን በማኅተም አትሞ ሰጠኝ። ተርጓሚ ወይም ጸሐፊ የሚል ጠብቄ ነበር። «የሥራ አሠልጣኝ» ይላል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ሕንፃ ሥራ እየመጣ ነው። ስድስት ሰው ከየጋራዡ ቀጥሬአለሁ፤ ስለ ጉድፍ የምታስተምሪያቸው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም! ታውቃለህ!»

«ፎቶ አንሺው ነግሮኛል፣» አለ እየሳቀ። «ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ቃል አስወጥተሽ የለም? ማስወጣት የቻለ ሰው ማስቀመጥ ያቅተዋል?»

ስድስቱ ከሱቁ ጓሮ በተገለበጡ ባልዲዎች ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጋሼ በር ላይ ቆመዋል፤ የዚያን ቀን ያላነበቡትን ጋዜጣ ዘርግተው የሚያነቡ መስለዋል። ያልታጠበውን ሻሽና በውሃ የተሞላውን ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ።

«ዛሬ የምንማረው» ብዬ ጀመርኩ።

«አይሰማም!» አለ ከኋላ ባልዲ አንዱ።

«ሹራብህን አውልቅና ቅረብ» አልኩት።